ነጠብጣቡ ውሻና የተዘጋው መዝገብ

ዳልሜሽንን፣ ያን ነጭ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበትን ውሻ፣ ከፊልም የማያውቀው ሰው ጥቂት ነው። ጉበቱን የሚያውቅለት ግን ብዙ አይደለም። ሌሎች ውሾች በሰውነታቸው ውስጥ የሚፈጠረውን ዩሪክ አሲድ ጉበታቸው ተቀብሎ አላንቶይን ወደሚባል፣ በውሃ በቀላሉ ወደሚሟሟ ነገር ይለውጥላቸዋል። የዳልሜሽን ጉበትም መለወጫውን ኢንዛይም ይዟል፤ የተበላሸው አሲዱን ወደ ጉበት ሴል የሚያሻግረው በር ነው። ስለዚህ ዩሪክ አሲዱ እንዳለ ወደ ሽንት ይወርድና አንዳንዴ ጠጠር ይሠራል። ወንዱ የሽንት መውጫው ጠባብ ስለሆነ ይብስበታል። እግሩን አንስቶ ረጅም ጊዜ ይቆማል፣ ያምጣል፣ ጠብ ጠብ ይልለታል፤ ሲብስም ጭራሽ ይዘጋበታል። ያኔ ሐኪም ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ጠጠሩን ወደ ፊኛው ካልመለሰው ወይም በቀዶ ጥገና ካላወጣው ይሞታል። (ሪህ ይዞት ከሥጋ የተከለከለ ሰው የዚህ ውሻ ነገር ሳይገባው አይቀርም፤ የእኛም ሰውነት ዩሪክ አሲድን መለወጥ አይችልም።)

ጠጠር የሚይዘው ሁሉንም ዳልሜሽን አይደለም። ጉድለቱን ግን ሁሉም ተሸክመውታል፤ ንጹህ በሚባለው ዘር ውስጥ ጤነኛውን ዘረመል የያዘ አንድም ውሻ አልተረፈም ነበር። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ያለው እዚህ ላይ ነው። ስለ ንጹህ ዘር ውሾች ኃላፊነት የተሞላበት እርባታ ሲነሳ የሚሰጠው ምክር የታወቀ ነው፦ ወላጆቹን አስመርምር፣ የታመመውን አታራባ፣ ጤነኛውን ከጤነኛው አዳቅል። ምክሩ መልካም ነው። ነገር ግን የዘር መዝገቡ ውስጥ ጤነኛ የሚባል ከሌለ ከምን ይመረጣል? የአርቢ ኃላፊነት የሚፈተነው በምርመራ ወረቀቱ ብዛት ሳይሆን፣ ሲያስፈልግ መዝገቡን ለውጭ ዘር ለመክፈት ፈቃደኛ በመሆኑ ነው ባይ ነኝ።

በ1973 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሮበርት ሼብል የተባለ አሜሪካዊ የዘረመል ተመራማሪ አንዲት ዳልሜሽን ከአንድ ፖይንተር አዳቀለ። ፖይንተር የአደን ውሻ ነው፤ በቁመናው ከዳልሜሽን ብዙ አይርቅም፣ ዩሪክ አሲዱንም በደንብ ይለውጣል። ሼብል ከዚያ በኋላ ሌላ ዘር አልጨመረም። በየትውልዱ ጤነኛውን ዘረመል የወረሱትን ቡችሎች እየለየ መልሶ ከዳልሜሽን ጋር ብቻ ያዳቅል ጀመር። ሂሳቡ ቀላል ነው። የመጀመሪያው ትውልድ ግማሹ ፖይንተር ነው፤ ቀጥሎ ሩብ፣ ከዚያ ስምንተኛ እያለ ይወርዳል። አሥረኛው ትውልድ ላይ ከፖይንተሩ የቀረው ድርሻ ሲሰላ ከ0.1 በመቶ በታች ነው። ከዚህች ሽራፊ ውስጥ ግን አንዷ ያ የሽንት ጉዳይ የሚፈታባት ዘረመል ናት።

የውሾችን የዘር መዝገብ የሚይዘው የአሜሪካ ኬነል ክለብ በ1981 ከአምስተኛው ትውልድ ሁለት ውሾችን ዳልሜሽን ብሎ መዘገበ። ወዲያው ከአርቢዎቹ ወገን ተቃውሞ ተነሣ፤ የሁለቱ ውሾች ቡችሎች ምዝገባ ታገደ። በሩ እንደገና የተከፈተው በ2011 ነው። ሠላሳ ዓመት! በዚያ መሀል ሥራው የቀጠለው ዘሩን ከመዝገብ ውጭ ጠብቀው ባቆዩ ጥቂት ሰዎች ትከሻ ላይ ነበር። የተበላሸው ዘረመል ራሱ በ2008 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪዎች ተለየና ከዚያ ወዲህ ምርመራው የአንዲት ናሙና ጉዳይ ሆነ። በብሪታንያም ከአሜሪካ የመጣች ፊዮና የተባለች የዚሁ ዘር ውሻ በ2011 ክራፍትስ በተባለው የውሻ ትርኢት ላይ ስትቀርብ ክልስ ናት ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ። ከሌላው ዳልሜሽን በዓይን የሚለያት ነገር አልነበረም። ተቃዋሚዎቹ ይከላከሉት የነበረው፣ እንደሚመስለኝ፣ ውሻውን ሳይሆን ወረቀቱን ነው።

ይህ የወረቀት ፍቅር የመጣው ከቪክቶሪያ ዘመን እንግሊዝ ነው። የለንደኑ ኬነል ክለብ በ1873 ተቋቋመ፣ የክራፍትስ ትርኢት በ1891 ተጀመረ። ከዚያ በፊት ውሻ የሚመረጠው በአብዛኛው በሥራው ነበር፦ በአደኑ፣ በመንጋ ጥበቃው። ትርኢቱ ሲመጣ መልክ ቀደመ፤ መዝገቡም ወላጆቹ ያልተመዘገቡበትን ቡችላ ከደጅ መለሰ። በተዘጋ መዝገብ ላይ ደግሞ አንድ የተሸለመ ወንድ ሲታይ ሁሉም ሴት ውሻውን ይዞ ወደ እሱ ይሮጣል፤ በመቶ የሚቆጠሩ ቡችሎች ይወለዱለታል፣ የደበቀውም ሕመም ከእነሱ ጋር ይበተናል። ከጥቂት ትውልድ በኋላ ከእሱ ዘር ያልሆነ ማግኘት ጭንቅ ነው። በ2008 የታተመ የለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች ጥናት በብሪታንያ መዝገብ የሚገኙ 10 ዝርያዎችን መርምሮ ነበር። ከሁለቱ በቀር ሁሉም፣ ቁጥራቸው በሺዎች ቢሆንም፣ ከመዛመዳቸው የተነሣ ከ40 እስከ 80 እንደሚሆኑ ውሾች ነበር የሚራቡት። በብዙዎቻችን ዘንድ ጋብቻ ሲታሰብ እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ዝምድና ከተገኘ ነገሩ ይፈርሳል፤ የትርኢት አርቢ ግን ለዘመናት የትውልድ ሐረግ ሲቆጥር የኖረው ዝምድናውን ለማጥበቅ ነው። አባትን ከልጅ፣ ወንድምን ከእህት ማዳቀል ያፈራውን ቡችላ የብሪታንያ ኬነል ክለብ አልመዘግብም ያለው ገና በ2009 ነው፤ እሱም ቢቢሲ በ2008 ያሳየው ዘጋቢ ፊልም ሕዝቡን ካስቆጣ በኋላ።

ያ ፊልም ካሳያቸው መካከል ካቫሊየር የተባለው ትንሽ ስፓንየል አለ። የራስ ቅሉ ለአንጎሉ ጠቦታል፤ በብዙዎቹም የጀርባ አጥንት ገመድ ውስጥ ፈሳሽ እየተጠራቀመ ያሠቃያቸዋል። ብዙዎቹ የልብ ቫልቭ ሕመምም አለባቸው። የኦስሎ ፍርድ ቤት በ2022 ካቫሊየርን ማራባት የእንስሳት ደህንነት ሕጉን ይጥሳል ብሎ ፈረደ፤ የኖርዌይ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2023 ይህንኑ አጸና። አርቢዎች በራሳቸው ያልከፈቱትን በር ዳኛ መጥቶ ሲያንኳኳው ማለት ነው።

አርቢዎቹን በጅምላ መኮነን ግን ፍትሕ አይሆንም። ጥሩው አርቢ ውሻዋን ዓመት በዓመት አያስወልድም፣ ቡችላውን ለማን እንደሚሰጥ ይመርጣል፣ ገዢው ቢያቅተው መልሶ ይቀበላል። ዘር ካልጠበቁ የጠባዩ ነገር አይታወቅም የሚለው ክርክራቸውም እውነት አለው፤ የበግ ጠባቂ ውሻ የሚፈልግ እረኛ ዕጣ አያወጣም። ክልስ ሁሉ ጤነኛ ነው የሚለው ወሬም ከንቱ ነው፤ ሁለት የታመሙ ዝርያዎች ሲዳቀሉ አንዱ ሕመም ሌላውን አይሽረውም። ምርመራም ቢሆን በጭፍን ሲሠራበት ይጎዳል፦ ሕመሙ ሳይይዘው የሚያወርሰውን ውሻ ሁሉ ማስወገድ የጠበበውን ዘር ይባስ ያጠብበዋል፤ ጉድለቱ ከሌለበት ጋር ቢያዳቅሉት ግን የታመመ ቡችላ አይወለድም። ከኮንጎ ደን የመጣው የማይጮኸው ባሰንጂ ሁለቱንም መንገድ አይቷል። የአሜሪካው መዝገብ በ1990 ከአፍሪካ ለመጡ አዲስ ባሰንጂዎች ተከፈተ፤ ለዝርያው የኩላሊት ሕመምም በኋላ የዘረመል ምርመራ ተገኘለት። ዝርያው ዛሬም ባሰንጂ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ጀርመን ሼፐርድ ሲገዛ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «ንጹህ ነው ወይስ ክልስ?» የሚለው ነው። ጆሮው መቆሙ፣ ጀርባው ማዘንበሉ ይታያል። ይህን ዝርያ ቶሎ ከሚጥሉት ሕመሞች አንዱ ግን የዳሌ መገጣጠሚያ መላላት ነው፤ ቡችላ ላይ በዓይን አይታወቅም፣ በራጅ ነው የሚለየው። በአሜሪካ የወላጆች ዳሌ ራጅ ተነሥቶ ደረጃ የሚሰጥበት አሠራር ከ1966 ጀምሮ አለ። ለግቢ ጥበቃ ውሻ የሚገዛ ሰው የእናትና የአባቱን የዳሌ ራጅ ቢጠይቅ፣ ባይኖር እንኳ እናቲቱ ከተኛችበት ስትነሳና ስትሮጥ ቢያይ፣ ከጆሮው የበለጠ ይነግረዋል። ወላጆቹ ጤነኞች ከሆኑ ደግሞ ለክልሱ ያነሰ ዋጋ የሚከፈልበት ምክንያት አይታየኝም።