ዕቅዳችንና የስልኩ ሰዓት

በደብረ ታቦር ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት ከ1 ሰዓት ተኩል ባነሰ ጊዜ ነው። ለምድር ወገብ በመቅረባችን ንጋት ዓመቱን ሙሉ እምብዛም አይዛነፍም፤ ከንጋት የሚነሣው አቆጣጠራችንም ለዕለት ሥራ ዕቅድ የታመነ መሠረት ነው።

የስልኩ የቀን መቁጠሪያ ግን ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል። የጠዋት 2 ሰዓት ፈተናን «02፡00» ብሎ የመዘገበ ተማሪ ደወሉን የሚሰማው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ «14፡00» ካለ ደግሞ ፈተናው ካለፈ በኋላ ነው።

ስለዚህ ተማሪዎች ለእያንዳንዱ ሥራ አስቀድመው በአገራችን አቆጣጠር ሰዓት ቆርጠው እንዲሰጡ እንመክራለን፦ ለምሳሌ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ለከባዱ የሒሳብ ጥያቄ፣ ከ10 እስከ 11 ሰዓት ለንባብ። ከዚያም በቀኑ ሰዓት ላይ 6 ደምረው ይመዝግቡ። መሣሪያውን ለሰዓታችን የሚያስገዛ ፕሮግራም መጻፍም ከኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎቻችን የሚጠበቅ ሥራ ነው።