እሳቶን «አደገኛ» ያላት ማን ነው?

«አደገኛ ኃይል ስላላት ልዕልት የሚተርክ መጽሐፍ ለወጣቶቻችን ምን ይረባል? የፈረንጅ ጥንቆላ ነው፤ ባህላችንን ይበርዛል፤ ደግሞስ በዚህ የመከራ ዘመን የምናብ ተረት ምን ያደርግልናል?» የሚል ክርክር ደጋግሜ እሰማለሁ። ክርክሩን የሚያነሡት ሰዎች ፊደል ያልቆጠሩ አይደሉም። ብዙዎቹ ዲግሪ ያላቸው፣ ጋዜጣና መጽሐፍ የሚያነቡ፣ ስለ አገር ጉዳይ ሌሊቱን ሙሉ ሲሟገቱ ቢያድሩ የማይደክማቸው ናቸው። ይህ ጽሑፍ ለእነርሱ የተሰጠ መልስ ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ። የአደገኛዋ ልዕልት ታሪክ ከባሕር ማዶ የመጣብን አይደለም። እኛው ራሳችን ለዘመናት ስንተርከው ኖረናል። ልዩነቱ ፈረንጁ «ልብ ወለድ» ብሎ ሲጽፈው እኛ «እውነት» ብለን ማውራታችን ነው። ልብ ወለድ ተብሎ የተጻፈው ማንንም አልጎዳም፤ እውነት ተብሎ የተወራው ግን ብዙ ሰው አጥፍቶአል።

ለመሆኑ ነገሩ ምንድን ነው?

ለወጣት አንባቢ የሚጻፈው የዚህ ዓይነቱ ምናባዊ ልብ ወለድ አጥንቱ ቀላል ነው። አንዲት ልጅ በቤተ መንግሥት ትወለዳለች። ያልጠየቀችው ኃይል አብሮአት ይወለዳል፤ እሳት ታነዳለች፣ ወይም ውርጭ ታወርዳለች። ከሁሉ አስቀድመው የሚፈሩአት የገዛ ወላጆቿ ናቸው። «ደብቂው» ይሏታል፤ በር ይዘጉባታል። ልጅቱም ራሷን እየፈራች ታድጋለች።

እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው «ፍሮዝን» የተሰኘው ፊልም ልዕልት፣ ኤልሳ፣ ከዚሁ ወገን ናት። የናይጄሪያ ስደተኞች ልጅ የሆነችው ቶሚ አዴዬሚ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመችው «የደምና የአጥንት ልጆች» ደግሞ የዮሩባን አማልክትና ቋንቋ መሠረት አድርጋ፣ አስማት አላችሁ የተባሉ ሰዎች በንጉሥ ትእዛዝ የተፈጁበትን አገር ትተርካለች። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ያለችው ልዕልት ከአባቷ ቤተ መንግሥት ሸሽታ ከተሳዳጆቹ ጋር ትሰለፋለች።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ልብ ይበሉ። የእነዚህ መጻሕፍት ጥያቄ «አስማት እንዴት ይሠራል?» የሚል አይደለም። ጥያቄው ፍጹም የፖለቲካ ጥያቄ ነው። ኃይልን «አደገኛ» ብሎ የመሰየም ሥልጣን ያለው ማን ነው? ያው ኃይል በንጉሡ እጅ ሲሆን «ግርማ» ተብሎ፣ በልጅቱ እጅ ሲሆን «መቅሠፍት» የሚባለው በምን ሚዛን ነው?

«ባዕድ ነው» ለሚሉት

በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ በተለምዶ «ጦቢያ» የምንለው፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው። ደራሲው የዘጌ ሰው ናቸው። ባለታሪኳ ማን ናት ቢሉ የጦር አለቃ ልጅ፣ የወንድ ልብስ ለብሳ በጦርነት በታመሰ አገር የተንከራተተች፣ በመጨረሻም ንጉሥ የማረከች ልጃገረድ ናት። እንግዲህ የአማርኛ ልብ ወለድ ሀ ብሎ ሲጀምር የጀመረው በእንዲህ ያለች ልጅ ነው።

የአቸፈሩ አቤ ጉበኛስ? በ1950ዎቹ ባወጣው «አልወለድም» በእናቱ ማኅፀን ሆኖ «አልወለድም» ብሎ የሚሟገት ፅንስ አስነሥቶ አናገረ። ከዚህ የበለጠ ምናባዊ ነገር ከየት ይመጣል? መጽሐፉ በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ታገደ። የታገደው ፅንስ አይናገርም ተብሎ አይደለም፤ ፅንሱ የተናገረው ነገር ስለ ገባቸው ነው። ምናባዊ ታሪክ የልጆች ማባበያ ነው የሚሉን ሰዎች ሳንሱሩን ቢጠይቁ የተሻለ መልስ ያገኙ ነበር።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚጓዝ ሰው ማንኩሳን ያገኛል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህን ያስወለዱት እዚያች መንደር ነው። በመጽሐፉ ውስጥ አስማት የለም። ነገር ግን የፊታውራሪ መሸሻን ቤት ያናወጠው ምንድን ነው? የባላባት ልጅ ፊደል ከሚያስቆጥራት ከድሃ ልጅ ጋር ልብ ለልብ መገናኘቷና የራሷን ምርጫ መያዟ ነው። ለዚያ ቤት ይህ ከእሳት የባሰ ኃይል ነበር። ሰብለ ወንጌልን በእሳት ኃይል ቢለውጡአት ታሪኩ ያው ነው።

የንጉሡ ልጆች

ከልብ ወለድ ወጥተን ወደ ዜና መዋዕል እንግባ። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468) ሴቶች ልጆቻቸውን በየግዛቱ ሾመው እንደ ነበር ዜና መዋዕላቸው ይተርካል። ያን ጊዜ የንጉሥ ልጅ መሆን ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ የሚገዙት አገር ነበራቸው።

ኋላ ግን ከንጉሡ ወንዶችና ሴቶች ልጆች መካከል የተወሰኑት «ደስክና ዲኖ ለተባሉ አጋንንት ሰግዳችኋል» ተብለው ተከሰሱ። አባታቸው በጽኑ ግርፋት ቀጡአቸው፤ ከቅጣቱ ጽናት የተነሣ የሞቱም አሉ። ንጉሡም ሕዝቡን ሰብስበው በገዛ ልጆቻቸው ላይ ያደረሱትን ቅጣት አሳዩ።

ልዕልት አለች፤ ሥልጣን አላት፤ ምስጢራዊ ኃይል አምልካለች ተብላ ትከሰሳለች፤ አባቷ ይፈርድባታል። ይህን ሴራ አንድ የሎንዶን ወይም የኒው ዮርክ ደራሲ ቢጽፈው «የፈረንጅ ቅዠት» እንለው ነበር። የእኛ ጸሐፌ ትእዛዝ ግን እንደ ጽድቅ ሥራ መዘገበው። ክሱ እውነት ይሁን ሐሰት ለመጠየቅ ከተከሳሾቹ አንዷ እንኳ ድምፅ አልተሰጣትም። ታዲያ ለእነዚያ ልጆች ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ ድምፅ ሊሰጣቸው የሚችለው ማን ነው? የታሪክ ምሁር ያለ ማስረጃ ሊናገርላቸው አይችልም። ደራሲ ግን ይችላል።

እሳቶና ዳሞት

ከሁሉ የምትበልጠው አደገኛዋ ንግሥታችን ዮዲት ናት። ሁለት የቅጽል ስሞቿን ይመልከቱ፦ ከ«ጉድ» ጋር አያይዘን የምንጠራት «ጉዲት» እና ከ«እሳት» የመጣችው «እሳቶ»። ሕዝባችን ለዚህች ሴት ያወጣላት ስም ዛሬ የውጭ ደራሲዎች ለጀግኖቻቸው የሚፈልጉት ዓይነት ነው!

ስለ እርሷ በተጻፈ ማስረጃ የምናውቀው ጥቂት ነው። በ10ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ዐረባዊ የመልክዐ ምድር ጸሐፊ ኢብን ሐውቀል የሐበሻን አገር ለብዙ ዓመታት የገዛች ሴት እንዳለች፣ ንጉሡንም እንደ ገደለች ጽፎአል። የእስክንድርያ ፓትርያርኮች ታሪክ ደግሞ፣ ፓትርያርክ ፊላታዎስ በነበሩበት ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ979 እስከ 1003)፣ የኢትዮጵያ ንጉሥ ለኖባው ንጉሥ ለጊዮርጊስ በላከው ደብዳቤ አንዲት ንግሥት አገሩን እንዳጠፋችበት ማማረሩን ይነግረናል። የሴቲቱ ነገድ ስም በዐረብኛው ጽሑፍ «አልሐምዊያ» ተብሎአል። ጣሊያናዊው ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ቃሉ «አልዳሙታ» ተብሎ መነበብ አለበት፣ ሴቲቱም የዳሞት ንግሥት ናት የሚል መላ ምት አቀረበ። አገው ናት፣ ቤተ እስራኤል ናት የሚሉም አሉ።

መላ ምቱ ትክክል ከሆነ ነገሩ ለምዕራብ ጎጃም ሰው የሩቅ አይደለም። የጥንቱ ዳሞት ከዓባይ በስተ ደቡብ ነበር። በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን በኦሮሞ መስፋፋት ምክንያት ከሕዝቡ ብዙው ዓባይን ተሻግሮ ስሙን ይዞ ወደ ጎጃም ገባ። ደጋ ዳሞት ዛሬም በዚያ ስም ይጠራል፤ የቡሬና የፍኖተ ሰላም አካባቢም በታሪክ ዳሞት ሲባል ኖሮአል። ምናልባት እሳቶ ለዚያ አገር ልጆች የሩቅ ጠላት ሳትሆን የሩቅ አያት ትሆናለች! ይህን ብቻ ይዞ አንድ ወጣት ደራሲ ሦስት ቅጽ መጻፍ ይችላል።

ከአፈ ታሪኮቹ አንዳንዱ ሴቲቱ አክሱምን ከማቃጠሏ በፊት በአክሱም ተዋርዳና ተሰዳ እንደ ነበር ይናገራል። እኛ ግን እሳቱን እንጂ ውርደቱን ለልጆቻችን አንነግርም። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚል ተረት ያወረሰን ማኅበረሰብ የሴትን ኃይል የሚያስታውሰው ባቃጠለ ጊዜ ብቻ ነው።

«ጥንቆላ ያስተምራል» ለሚሉት

እስኪ በሐቅ እንነጋገር። የምዕራብ ጎጃም ገጠር ልጅ ስለ ምስጢራዊ ኃይል ለመስማት መጽሐፍ ያስፈልገዋልን? ሸክላ የምትሠራው ጎረቤቱ «ዓይኗ ይበላል» ሲባል ሰምቶ አድጎአል። ብረት ቀጥቃጩ ሌሊት ጅብ ይሆናል ሲባል ሰምቶአል። ሰው ሲታመም በጭስ አፍነው «ማን በላሽ? ተናገሪ!» እያሉ ሲያስጨንቁ አይቶአል። በሽተኛዋ በጭንቅ የጠራችው ስም የማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ የዚያች ምስኪን ሸክላ ሠሪ ነው። ከዚያ ወዲያ ልጆቿን የሚያገባ፣ ቤቷ እህል ውኃ የሚቀምስ አይገኝም።

ሌላም ነገር አለ። እነዚህን ባለሙያዎች የምንጠራበት «ጠይብ» የሚለው ቃል የ«ጠቢብ» ዘመድ ነው። ከጭቃ ጋን፣ ከድንጋይ ማረሻ የምታወጣ እጅ ዕውቀት ስላላት ተፈራች፤ ስለ ተፈራችም ተጠላች። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጁን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ከ«ጦቢያ» ጋር እኩያ ነው። አዋጁ ግን ብቻውን ልብ አልለወጠም። ልብን የሚለውጠው ታሪክ ነው።

ለዚህ ነው «ጥንቆላ ያስተምራል» የሚለው ክስ ተገላቢጦሽ የሚሆነው። ምናባዊ ልብ ወለድ የሚያነብ የ15 ዓመት ልጅ ነገሩ የተፈጠረ መሆኑን ከሽፋኑ ጀምሮ ያውቃል። ለሁለት ሳምንት ያህል በተፈራችው ልጅ ዓይን ዓለምን ያያል። ሲጨርስ ቀና ብሎ ጎረቤቱን ሸክላ ሠሪ ሲያይ «እርሷስ ከውስጧ ሆና ስታየን ምን እንመስላለን?» ብሎ የመጠየቅ ዕድል አለው። ይህን ጥያቄ የፈጠረ መጽሐፍ ስለ ቡዳ ከሚሰጥ አሥር ስብከት ይበልጣል።

«ጊዜው አይደለም» ለሚሉት

ከክርክሮቹ ሁሉ ልብ የሚነካው ይህ ነው፤ ስለዚህ በአክብሮት እመልሳለሁ። ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በዚያች ከተማ መካከል ከአየር በተፈጸመ ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ምንጮች ለዜና አውታሮች ተናግረዋል። በግጭቱ ሳቢያም በአማራ ክልል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸውን የክልሉ ትምህርት ቢሮ ሳይቀር ገልጾ ነበር።

እና ከሰማይ እሳት ሲወርድ ያየችን ልጅ ከወረቀት እሳት ልንጠብቃት ነው? እሷ እኮ ስለ አደገኛ ኃይል ከእኛ ይበልጥ ታውቃለች። የጎደላት ያየችውን የምታስብበት ቋንቋ ነው። ኃይል ያለው ሰው ለሚያቃጥለው ተጠያቂ ነውን? ፍርሃት ሕግ ሲሆን ምን ይከተላል? በበቀልና በፍትሕ መካከል ያለው ድንበር የት ላይ ነው? ጋዜጠኛው እነዚህን ጥያቄዎች ሲያነሣ ይታሰራል፤ መምህሩ ሲያነሣ ከየወገኑ ፍረጃ ይጠብቀዋል። በምናብ አገር የምትኖር ልዕልት ግን ልታነሣቸው ትችላለች። አቤ ጉበኛ ፅንስን ያናገረው በከንቱ አልነበረም።

ታዲያ ምን ይጻፍ?

ለወጣት አንባቢ የሚሆን መደርደሪያችን ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ልጆቻችን ከ«አያ ጅቦ» ተረት ወጥተው በቀጥታ ወደ ዐዋቂዎች መጽሐፍ ይዘልላሉ፤ በመካከል ያለውን ዕድሜ የባዕድ ፊልም ይሞላዋል። ጥፋቱ የኤልሳ አይደለም፤ መደርደሪያውን ባዶ የተውነው እኛ ነን።

ነገር ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እሳቶን የምንጽፋት እንከን የለሽ ጀግና አድርገን ከሆነ ባንጽፋት ይሻላል። ጭራቅ ያደረጉአት ጸሐፊዎች ውርደቷን ደበቁ፤ እኛ ደግሞ ያቃጠለቻቸውን ሰዎች ከደበቅን ያው ውሸት ነው። ኃይሏ በእውነት አደገኛ ይሁን። የሞቱት ስም ይኑራቸው። ሴት ሥልጣን ስትይዝ የግድ ቅድስት መሆን የለባትም። እቴጌ ምንትዋብ እ.ኤ.አ. ከ1730 ጀምሮ አገር ሲመሩ፣ ልጃቸው ወለተ እስራኤልም የጎጃሙ የራስ ኃይሉ እናት ሆነው በዘመናቸው የሥልጣን ትግል ውስጥ ሲገኙ፣ መልአክም አጋንንትም አልነበሩም፤ ፖለቲከኞች ነበሩ። ወጣቱ ትውልድ መማር ያለበት ይህን ነው። ኃይል ማንም ይያዘው ማን ይጠየቃል፤ ማንም ሰው ግን በወሬ ብቻ «አደገኛ» ተብሎ ሊፈረድበት አይገባም።

አገራችን ሰውን «ጉድ»፣ «ቡዳ»፣ «ጠላት» ብሎ በመሰየም የተካነች ናት። በስም የተጀመረው በእሳት ሲያልቅ ደጋግመን አይተናል። ስለዚህ የዳሞትን ልዕልት የምትጽፍ አንዲት ልጅ በቡሬ ወይም በፍኖተ ሰላም ካለች፣ ደብተሯን አትቀሟት።

ቸር እንሰንብት።