ሐሳብሽን አታባርሪው፣ ጠይቂው!

ለዛሬ ከጠረጴዛዬ ላይ ያነሳሁት ደብዳቤ ከወደ ምዕራብ ጎጃም፣ ከፍኖተ ሰላም የመጣ ነው። ጸሐፊዋ የ23 ዓመት ወጣት ናት። ስሟ ይቆየን።

ነገሯ ባጭሩ እንዲህ ነው። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ከተማዋ ላይ ከአየር ጥቃት ደርሶ ነበር። ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸው ያኔ በዜና ተነግሯል። እህታችን ከዚያ ቀን ወዲህ ፀጥታ ጠላቷ ሆነ። ቤቱ ጭር ሲል ጆሮዋ ድምፅ ይፈልጋል፤ እንቅልፍም እንደ ልብ አይመጣላትም። አንድ ወዳጇ «ለምን ሜዲቴሽን አትሞክሪም?» አላት። ስልኳ ላይ ያገኘችው አስተማሪ ደግሞ «ዓይንሽን ጨፍኚ፣ አእምሮሽን ባዶ አድርጊ» ይላል። ሦስት ቀን ሞከረች። አእምሮዋ ባዶ መሆኑ ቀርቶ እንደ ቅዳሜ ገበያ ተጨናነቀ። ተወችው። አሁን የምትጠይቀኝ፣ የማይሆንልኝ እኔ ብቻ ነኝ ወይ? እያለች ነው።

እህቴ፣ አንቺ ብቻ አይደለሽም። አእምሮ ባዶ አይሆንም'ኮ! ልብ ደም መርጨት ሥራው እንደሆነ ሁሉ፣ የአእምሮም ሥራው ማሰብ ነው።

በሬ ተጠምዶ ሲያርስ አይተሻል አይደል? ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚጓዝ ሰው በእርሻ ወቅት ግራ ቀኙን ቢያይ የሚያርስ ገበሬ አያጣም። በሬው ከፈር ይወጣል። ታዲያ ገበሬው «በቃ አልሆነልኝም» ብሎ ሞፈርና ቀንበሩን ተሸክሞ ቤቱ ይገባል? አይገባም! «ተመለስ!» ብሎ ወደ ፈሩ ይመልሰዋል። በቀን ስንት ጊዜ? ቁጥር የለውም። እርሻ ማለት ይኸው ነው። በሜዲቴሽንም በሬው ሐሳብሽ ነው፣ ፈሩ ትንፋሽሽ። ሥራው በሬው ከፈር እንዳይወጣ ማድረግ ሳይሆን፣ በወጣ ቁጥር መመለስ ነው።

መመለስ ብቻ ግን ይሰለቻል። እዚህ ላይ የማወቅ ጉጉት ያስፈልጋል። እሱን ደግሞ ከሩቅ አገር አናስመጣውም፤ ጎጃም የቅኔ አገር ነው፣ የዋሸራን ስም ያልሰማ የለም። የቅኔ ተማሪ ከጓደኞቹ ተለይቶ ዛፍ ሥር ይቀመጥና ቅኔ ይቆጥራል። የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርሙለታል። አጀማመሩ ከ8 ቤቱ መወድስ አይደለም። ባለ 2 ቤት ከሆነችው ጉባኤ ቃና ነው፤ ከዚያ ባለ 3 ቤቱ ዘአምላኪየ፣ እያለ እያለ ያድጋል። ሰሙን ሲያይም እዚያው አይቆምም፤ «ወርቁስ የት አለ?» ይላል። ቅኔ ቆጠራ ሜዲቴሽን ነው ማለቴ አይደለም። ዘዴውን ግን እንዋሰው፦ ከትንሽ መጀመር፣ በየቀኑ መቀመጥ፣ መጠየቅ፣ ያገኙትን መናገር።

እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። ጠዋት ስልክሽን ከመንካትሽ በፊት በርጩማ ላይ ወይ መደብ ላይ ተቀመጪ። እግርሽ መሬት ይርገጥ። 5 ደቂቃ ይበቃል፤ ቡና ተቆልቶ እስኪፈላ ከሚፈጀው ጊዜ በጣም ያንሳል። ዓይንሽን አትጨፍኚ፤ ወለሉ ላይ አሳርፊው። የሚወጣውን ትንፋሽ ከ1 እስከ 10 ቁጠሪ፤ ስትጨርሺ እንደገና ከ1። ሐሳብ ሲመጣ አታባርሪው፣ ጠይቂው። ይኼ ምንድን ነው? ፍርሃት ነው ወይስ ንዴት? ሰውነቴ ላይ የት ነው ያለው፣ ደረቴ ላይ ወይስ ጉሮሮዬ ላይ? እየጨመረ ነው እየቀነሰ? «ለምን?» የሚለውን ለጊዜው ተዪው፤ ረጅም ወሬ ይጎትታል። ጠይቀሽ ስታበቂ ወደ ቁጥርሽ ተመለሺ። ማታ ደብተርሽ ላይ አንድ መስመር ብቻ ጻፊ፦ ዛሬ ምን አየሁ?

እኔ ራሴ እንዲህ ያለ ደብተር ከያዝኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። የገረመኝ ሐሳቤ ብዙ አለመሆኑ ነው። የቤት ኪራይ፣ የእናቴ ጤና፣ አንዲት ልጅ… እነዚያው አራት አምስቱ ናቸው ልብስ እየቀየሩ የሚመላለሱት! አንድ ቀን ብትዘይስ? በማግሥቱ 10 ደቂቃ ተቀምጠሽ ዕዳ አትክፈይ። ያው 5 ደቂቃ ነው። ሲሰለችሽም መሰልቸቱን ራሱን ጠይቂው፣ እሱም እንግዳ ነው።

«ይኼ ነገር የባዕድ እምነት አይደለም ወይ?» የምትሉኝ አትጠፉም። በቡድሂስቶችና በሂንዱዎች ዘንድ የቆየ ነው፣ እውነት ነው። የእኛም የገዳም አባቶች አርምሞና ተመስጦ የሚሉት አላቸው። ጆን ካባት ዚን የተባለ አሜሪካዊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል፣ ሃይማኖቱን ለይቶ ለሕመምተኞች ትምህርት አደረገው። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ጭንቀትን በመጠኑ እንደሚያቀል ያሳያሉ፤ ተአምር ግን አይሠራም። ጸሎትና ሶላት ቦታቸው የራሳቸው ነው፣ ይኼ አይተካቸውም።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ክፉ ቀን ያየ ሰው ዝም ብሎ ሲቀመጥ ያ ቀን ተመልሶ ሊመጣበት ይችላል። ይኼ የታወቀ ነገር ነው፣ የአንቺ ድክመት አይደለም። ዓይንሽን አትጨፍኚ ያልኩሽም ለዚህ ነው። ልብሽ መደለቅ ከጀመረ፣ ላብ ካጠመቀሽ፣ አቁሚ! ተነሺ፣ ፊትሽን ታጠቢ፣ ዙሪያሽን የምታያቸውን 5 ነገሮች በየስማቸው ጥሪ፣ ወደ ሰው ተጠጊ። ማቆምም የልምምዱ አካል ነው። እንቅልፍ ማጣቱና መደንገጡ አልለቅ ካለሽ ደግሞ ሆስፒታል ሄደሽ ንገሪያቸው። እኔ 12ኛ ክፍል ጨርሼ ብዕር ያነሳሁ ሰው ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ትንፋሽ መቁጠር ሐኪም አይተካም፣ ተኩስም አያስቆምም። የሚሰጥሽ አንድ ነገር ነው፦ በቀን ለ5 ደቂቃ በገዛ ጭንቅላትሽ ውስጥ እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ባለቤት መቀመጥ።

የከተማሽ ስም በግዕዝ የሰላም መንገድ ማለት ነው። መንገድ ነው የተባለው፣ ደረስን አልተባለም። ስለዚህ ነገ ጠዋት ከ1 ቁጠሪ። በሁለተኛው ሳምንት ደብተርሽ ምን እንዳለሽ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።

በሉ፣ ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ያሰማን!