የሕዝብ መመላለሻና የድኻው ድርሻ

ከተማ ለማ የሚባለው ነዋሪው ወደ ሥራው፣ ወደ ገበያውና ወደ ሐኪም ቤቱ ሳይቸገር የተመላለሰ እንደ ሆነ ነው። መንገዱ ለባለጠጋው ቀንቶ ለድኻው የጠበበ ከሆነ ግን ልማቱ ጐደሎ መሆኑ የተገለጠ ነው።

በጌዴኦ ዞን የምትገኘው ይርጋጨፌ በቡናዋ ስሟ በዓለም የተሰማ ናት። ከአዲስ አበባ በዲላ በኩል ወደ ሞያሌ የሚወርደው አውራ ጎዳናም ያልፍባታል። ነገር ግን ይህ ጎዳና የሩቁን መንገደኛ ያደርሳል እንጂ፣ በተራራው ላይ በእንሰትና በቡና መካከል የሚኖረውን ገበሬ ከደጁ አያነሣውም። ይህን ጕድለት የሚሞሉት ስሙን ከሕንድ ፋብሪካ ያገኘው ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅና ሞተር ብስክሌት ናቸው። ምጥ የያዛት ሴት በሌሊት ስትቸገር፣ አስቀድሞ የሚጠራላት ባለ ሞተሩ ነው። ቀይ እሸት ቡናም በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ጣዕሙ ስለሚበላሽ፣ በመከር ወራት መዘግየት የገበሬውን ዋጋ ይቀንሳል።

በእነዚህ ላይ የሚነሣው ነቀፋ ከንቱ አይደለም። ለሦስት ተሳፋሪ በተሠራው ባጃጅ ከልክ በላይ ማጨቅ፣ ያለ መንጃ ፈቃድ መንዳት፣ ሲመሽም እጥፍ ዋጋ መጠየቅ ይታያል። ስለዚህ አንዳንዱ ሹም «ይታገዱ» ማለት ይቀለዋል። ሆኖም በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የባጃጅ ሥራ ለጊዜው በታገደ ጊዜ ባለ መኪናው ምንም አልጐደለበትም፤ በእግሩ የተጓዘው የዳር ሰፈሩ ሠራተኛ ነበር። እገዳ ለጥፋተኛው ቢታሰብም ሸክሙ የሚወድቀው በተሳፋሪው ላይ ነው።

እንግዲህ የሚበጀው ሥርዐት ማቆም ነው። ለእያንዳንዱ መስመር ይመደብለት፤ ታሪፉ ሕዝቡ በሚያነበው ሰሌዳ ይጻፍ፤ መንጃ ፈቃዱና የሦስተኛ ወገን መድኑ ይመርመር፤ ከከባድ መኪና የተለየ መቆሚያም ይከለልለት። ብዙ ሾፌር በሰው ንብረት የሚሠራና ለባለቤቱ በየዕለቱ የተቈረጠ ገንዘብ የሚያስገባ ወጣት ነው። የሚፈጥነውና የሚያጭቀውም ይህን ለመሙላት ስለ ሆነ፣ ቅጣቱ በሾፌሩ ላይ ብቻ ሳይቀር ባለንብረቱም ይጠየቅ።

የጌዴኦ መልክዐ ምድር በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ዛፉን ከእርሻው አስማምቶ ለኖረ ሕዝብ ጢስ የሌለው መጓጓዣ ይገባዋልና፣ በማኅበር ተደራጅተው የኤሌክትሪክ ባጃጅ ለሚገዙ ብድር ቢመቻች መልካም ነው።

ደንብ የሚያወጣ ሹም አስቀድሞ ከገበያው ዳር ቆሞ ማን በምን እንደሚሄድ ቢመለከት፣ ፍርዱ ይቀናለታል፤ ድኻውም ድርሻውን ያገኛል።