እማዬ ስልኩን አላበላሸችውም

በዚህ አምድ ስለ ስልክ ሳነሳ አብዛኛውን ጊዜ የማወራው ስልክ ከእጃቸው አልለቅ ስላላቸው ልጆቻችን ነው። ዛሬ ግን ስልክ መንካት ስለፈራች አንዲት አያት ላጫውታችሁ። አያቲቱ የእኔው እናት ናት።

እማዬ የምትኖረው ጎፋ ነው። እኔ ከነቤተሰቤ ጀሞ ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቹን ይዤ እሷ ቤት ቡና እንጠጣለን፤ አሜሪካ ያለችው ታናሽ እህቴም በቪዲዮ ትቀላቀለናለች። በቅርቡ ግን ሥራ በዝቶብኝ ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ ቀረሁ። በአራተኛው ሳምንት እህቴ ደወለችልኝ።

«ጋሼ፣ እማዬ ምን ሆናለች? በትንሿ ስልክ ስደውል ታነሳለች፤ ፊቷን ልያት ስል ግን ኔትወርክ የለም ትለኛለች። እስቲ ሄደህ እያት» አለችኝ።

ሄድኩ። እማዬ ደህና ናት። ትልቁ ስልክ የት እንዳለ ስጠይቃት ዝም ብላ ተነሳችና ከቁም ሳጥኑ ውስጥ በመሀረብ የተጠቀለለ ነገር አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። «ተበላሽቷል። እኔው ነኝ ያበላሸሁት። ለእህትህ እንዳትነግራት፤ ስንት ገንዘብ ያወጣችበት ዕቃ ነው» አለችኝ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር የምታወራው፤ እህቴ አሜሪካ ሆና የምትሰማት ይመስል።

ይህ ስልክ እቤታችን ውስጥ ተራ ዕቃ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. አባታችን ሲያርፍ እህቴ ወረቀቷ ስላላለቀላት ለቀብር መምጣት አልቻለችም። በየወሩ እየከፈለች የያዘችውን የራሷን ስልክ ቀሪ ዕዳ በአንድ ጊዜ ዘጋች፣ ቁልፉን አስከፈተችና ወደ አዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው ሰጥታ ለእማዬ ላከችላት። «ቢያንስ ፊትሽን ልይ» ብላ ነው።

ያን ጊዜ ስልኩ ፊት ማያ ብቻ ነበር። ቴሌብር እንኳ ገና አልመጣም፤ ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ኑሯችን ጓዙን ጠቅልሎ ስልክ ውስጥ ገባ። በ2015 ዓ.ም. የነዳጅ ክፍያ በስልክ ሆነ። የመብራቱ፣ የውሃው፣ የትምህርት ቤቱ ክፍያ፣ አንዳንድ ሰፈር የዕድሩ መዋጮ ሳይቀር በስልክ ሆነ። እማዬም የልጅ ልጆቿ አስተማሯትና የባንክ መተግበሪያ መጠቀም ጀመረች። ጡረታዋ ሲገባ ታያለች፤ ለምትረዳቸው ዘመዶች ትልካለች። «አሁንማ ባንክ ቤት ሰልፍ ተገላገልኩ» ትል ነበር።

ታዲያ ምን ሆነ? አንድ ቀን ጠዋት የባንኩን መተግበሪያ ስትከፍት በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነገር መጣ። አንድ የጎረቤት ተማሪ አነበበላት፦ መተግበሪያው በዚህ ስልክ ላይ ከእንግዲህ አይሠራም፤ ስልኩ አፕዴት ይደረግ። ልጁ ሊረዳት ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ አፕዴት የሚለውን ነካላት። ስልኩ ደግሞ ያለኝ የመጨረሻው ነው፣ አዲስ ነገር አልመጣልኝም ብሎ መለሰ። ባንኩ «ስልክሽን አድሺ» ይላል፤ ስልኩ «ታድሻለሁ» ይላል። ሁለቱ ሲካካዱ ጥፋተኛ ሆና የቀረችው እማዬ ናት። አንድ ያልሆነ ነገር ነክቻለሁ ብላ ደመደመች፤ ስልኩን ጠቅልላ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተችው።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ብር ማስተላለፍ ሲያስፈልጋት ምን ታደርግ እንደነበር ስጠይቃት ደነገጥኩ። ጥግ ላይ ያለው የሱቅ ልጅ በትንሿ ስልኳ በኮድ እየደወለ ይሠራላታል። «የሚስጥር ቁጥሩንስ ማን ነው የሚያስገባው?» አልኳት። «እሱ ነዋ፤ ነግሬዋለሁ። እኔ የቱን እንደምነካ መች አውቃለሁ» አለችኝ። ልጁ ጨዋ ልጅ ነው፤ አንድ ብር አልጎደለም። ይሁንና በዕድሜዋ ሙሉ የሣጥኗን ቁልፍ ከአንገቷ አውልቃ የማታውቅ ሴት የገንዘቧን ቁልፍ ለሱቅ ልጅ የሰጠችው ሰነፍ ሆና አይደለም። እኛን ማስቸገር አፍራ ነው።

በማግስቱ ስልኩን ጀርመን አደባባይ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ስልክ ጠጋኝ ወሰድኩት። ወጣቱ አገላበጠው፣ አጥፍቶ አበራው። «ፋዘር፣ ስልኩ ምንም አልሆነም» አለኝ። ሲበራ ከስልኩ ሠሪ ስም ቀጥሎ የአንድ የአሜሪካ ቴሌኮም ድርጅት ምልክት ብቅ አለ። ይህን ምልክት ለዓመታት አይተነዋል፤ ጌጥ ይመስለን ነበር።

«ይሄ ስልክ አፕዴት የሚጠብቀው ከእነሱ ነው። የእነሱ ሲም ካልገባበት ደግሞ አይልኩለትም። ለዚህ ሞዴል አንድሮይድ 9ም 10ም ወጥቶለታል፤ የእናትዎ ግን 8 ላይ ቆሟል» አለ።

«ቁልፉ ተከፍቷል እኮ» ብዬ ተከራከርኩ።

«የተከፈተው የሲሙ በር ነው፤ ሶፍትዌሩ ያው የድሮው ነው» አለኝ። ፍላሽ አድርጎ መሞከር እንደሚቻልም አልደበቀኝም፤ ግን ስልኩ ላይ ያለው ፎቶና ቪዲዮ እንደሚጠፋ፣ ነገሩ ካልተሳካም ስልኩ ጨርሶ ላይነሳ እንደሚችል፣ የባንክ መተግበሪያዎችም የተነካካ ስልክ እንደማይወዱ ነገረኝ። ሐቀኛ ልጅ ነው። አልነካውም፤ ገንዘብም አልተቀበለኝም።

እዚህ ላይ ነገሩን ትንሽ ላብራራው፤ በየቤታችን ያለ ጉዳይ ነውና። አንድሮይድ የሚባለውን፣ ስልኩን የሚያንቀሳቅሰውን ሥርዓት የሚያዘጋጀው ጉግል ነው። ጉግል አዲሱን ሲያወጣ ግን ብዙውን ጊዜ በቀጥታ እኛ እጅ አይገባም። በቅድሚያ እንደ ኳልኮምና ሚዲያቴክ ያሉ ቺፕ ሠሪዎች ከቺፓቸው ጋር ያስማሙታል። ቀጥሎ ስልክ ሠሪው የራሱን መልክ ይጨምርበትና ይሞክረዋል። ስልኩ በቴሌኮም ድርጅት ስም የተሸጠ ከሆነ ደግሞ ድርጅቱ በራሱ ኔትወርክ ላይ ፈትኖ «ይለፍ» እስኪል ይጠበቃል። ጉዳይ ይዞ ከወረዳ ክፍለ ከተማ፣ ከክፍለ ከተማ ማዕከል የተመላለሰ ሰው ይህ ወዲያው ይገባዋል። እያንዳንዱ ጠረጴዛ የየራሱ ምክንያት አለው፤ በመሀል ባለጉዳዩ ይጉላላል። እዚያው አሜሪካ ያሉ ገዢዎችም በዚህ ጉዳይ ለዓመታት ሲያማርሩ ኖረዋል። እኛ ጋ ሲደርስ ግን መዘግየቱ ቀርቶ ጨርሶ መቅረት ይሆናል፤ ድርጅቱ የሚጠብቀው ሲም ጎፋ አይደርስማ።

አይፎን በዚህ ይለያል። አፕል የስልኩን ማሻሻያ በራሱ እጅ ስለያዘ፣ ሲያወጣ ስልኩ የትም አገር ቢሆን ይደርሰዋል። እዚህ አገር ከሱቅ የምንገዛቸው አንድሮይድ ስልኮችም አብዛኞቹ ከቴሌኮም ድርጅት ጋር የታሰሩ አይደሉም፤ የኢትዮ ቴሌኮምም ሆነ የሳፋሪኮም ሲም ብንከትባቸው የመጨረሻው ጠረጴዛ የለባቸውም። የእነሱ ችግር ሌላ ነው። ርካሽ የሆኑትን ሠሪው ራሱ ቶሎ ይረሳቸዋል፤ አንድ ወይም ሁለት ማሻሻያ ከላከላቸው በኋላ ዝም ይላል።

«ታዲያ አፕዴቱ ቢቀርስ? መልኩን ለመቀየር ነው እንጂ» የሚል አይጠፋም። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2015 በአንድ የቪዲዮ መልእክት ብቻ አንድሮይድ ስልክ ውስጥ ሰርጎ ለመግባት የሚያስችል ቀዳዳ ተገኘ። ጉግል በየወሩ የደህንነት መጠገኛ ማውጣት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። መጠገኛ ሲወጣ ቀዳዳው የት እንደነበር ሌባውም አብሮ ያውቃል። ቶሎ ያልደረሰው ስልክ በሩ ገርበብ እንዳለ ያድራል ማለት ነው፤ ከተዘረፉ በኋላ ቢደርስ ደግሞ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ባንኮች አሮጌውን ስልክ አልቀበልም የሚሉት ለዚህ ጭምር ነው። ዋትስአፕም እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ አንድሮይድ 4 ላይ ለቀሩ ስልኮች አገልግሎቱን አቋርጧል።

ደግነቱ ነገሩ እየተሻሻለ ነው። ጉግል ከፒክስል 8፣ ሳምሰንግ ከጋላክሲ ኤስ24 ጀምሮ ለውዶቹ ስልኮቻቸው የ7 ዓመት ማሻሻያ ቃል ገብተዋል። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ የሚሸጡ ስልኮች ከገበያ ከወጡ በኋላ ቢያንስ 5 ዓመት ማሻሻያ እንዲያገኙ የሚያስገድድ ደንብ ሥራ ላይ አውሏል።

ወደ ቤታችን ልመለስ። ለእህቴ ነገርኳት። ብዙ ዝም አለች። «ዕዳውን ከፍዬ ነፃ ያወጣሁት መስሎኝ ነበር» አለች። እሷም እንደ እማዬ ጥፋቱን ራሷ ላይ ልትጭን ነው። ስልኩን አሜሪካ ለሚሄድ ሰው ሰጥተን «ለሕክምና ወደ ውጭ እንላከው» ብለን ተሳሳቅን፤ ግን ታክሞ ቢመለስ ለሚቀጥለው ሕመሙም ያው እዚያው ነው የሚሄደው። ስለዚህ ተማከርንና ሌላ ገዛን። ትልቁ ስልክ ከእነ ፎቶው፣ ከእነ ቪዲዮው ቁም ሳጥኑ ውስጥ አለ፤ መቼም አይጣልም።

ከዚህ ያተረፍነውን ለእናንተም ላካፍል። ውጭ አገር ያሉ ልጆቻችሁ ስልክ ሊልኩ ሲያስቡ ከየትኛውም የቴሌኮም ድርጅት ጋር ያልታሰረውን፣ ከመነሻው ነፃ ሆኖ የተሸጠውን እንዲገዙ ንገሯቸው። ዕዳው ተከፍሎ ቁልፉ የተከፈተ ስልክ ሁሉ እንደዚያ አይደለም። እዚህ ስትገዙ ደግሞ ካሜራውንና ሚሞሪውን ብቻ አትጠይቁ፤ «ይህ ስልክ እስከ ስንት ዓመት አፕዴት ይላክለታል?» በሉ። እኔ ስጠይቅ ሁለት ባለሱቆች ሳቁብኝ። ሦስተኛው ከሠሪው ድረ ገጽ አውጥቶ አሳየኝ፤ ከእሱ ገዛሁ።

ቤት ያለውን ስልክ ለማየት ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ስለ ስልኩ የሚለውን ክፈቱ፤ የአንድሮይዱ ቁጥርና የመጨረሻው የደህንነት መጠገኛ የወጣበት ቀን እዚያ አለ። ቀኑ ዓመት ካለፈው ጠያቂ ያስፈልገዋል። አፕዴት መጥቶ አልገባ የሚለው አንዳንዴ ቦታ በማጣት ነው። የእማዬ ስልክ በቴሌግራም በመጡ የ«እንኳን አደረሳችሁ» ቪዲዮዎች ጢም ብሎ ነበር። አፕዴት ከባድ ስለሆነ ዋይፋይ ያለበት ቤት፣ ቻርጅ ላይ ሰክታችሁ አድርጉት። በመልእክት ወይም በቴሌግራም በተላከ ሊንክ ግን በጭራሽ አታድርጉ፤ እውነተኛው አፕዴት የሚመጣው ስልኩ ውስጥ ካለው ከሴቲንግ ነው።

ከሁሉም በፊት ያደረግኩት ግን የሚስጥር ቁጥሯን መቀየር ነው። አዲሱን ራሷ መርጣ ራሷ አስገባችው፤ እኔ ፊቴን አዙሬ ቆሜ ነበር። እኔም አላውቀውም።

እናቶቻችንና አባቶቻችን «ስልኩ እንዴት ነው?» ስንላቸው «ደህና ነው» ነው የሚሉት። ያልሠራ ነገር ሲያጋጥማቸው እርጅናቸውን ይጠረጥራሉ እንጂ ስልኩን አይጠረጥሩም። ስለዚህ ባትጠይቋቸው ይሻላል፤ ቡና ስትጠጡ ተቀብላችሁ እዩላቸው። ሦስት ቅዳሜ መቅረት ምን ያህል ረጅም እንደሆነ እኔ አይቼዋለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ እማዬ ደወለችልኝ።

«አንድ ነገር መጥቷል። አፕዴት ነው መሰለኝ የሚለው። ልንካው?»

«ከየት ነው የመጣው? ሰው ነው የላከው ወይስ ሴቲንግ ውስጥ ነው?»

«ሴቲንግ ውስጥ ነው።»

«እንግዲያው ቻርጅ ላይ አድርጊውና ንኪው፤ ሲጨርስ ራሱ ጠፍቶ ይነሳል፣ እንዳትደነግጪ» አልኳት።

ትንሽ ቆየችና «ነካሁት» አለችኝ።