ከእሳቱ በኋላ የሚመጣው በሽታ

«ጢስ መውጫ አያጣም» ይባላል። የእሳት አደጋ ሠራተኛ የሚምገው ጢስ ግን ከሰውነቱ ሳይወጣ ዓመታት ቆይቶ በሽታ ሊሆን ይችላል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ይህ ሥራ ለካንሰር እንደሚያጋልጥ እ.ኤ.አ. በ2022 አረጋግጧል።

በቃጠሎ ላይ እግሩ የተሰበረ ሠራተኛ የጉዳት አበል ሲጠይቅ ቀኑም ቦታውም ይታወቃል። ከሃያ ዓመት በኋላ የፊኛ ካንሰር የያዘው ባልደረባው ግን የትኛው ቃጠሎ እንዳሳመመው በምን ያስረዳል? እርሱ አልጋ ላይ ውሎ ባለቤቱ ማስረጃ ፍለጋ ስትንከራተት የቤት ኪራይና የልጆች ቀለብ ጊዜ አይሰጡም።

በካናዳ አገር የማኒቶባ ክፍለ ሀገር እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣው ሕግ ይህን ሸክም ከበሽተኛው ላይ አንሥቷል። የአንጎል፣ የፊኛ፣ የኩላሊት፣ የደም ወይም የሊምፍ ዕጢ ካንሰር የያዘው የሙሉ ጊዜ የእሳት አደጋ ሠራተኛ የተወሰነውን ዘመን ካገለገለ፣ በሽታው ከሥራው እንደመጣ ይቆጠርለታል። «አይደለም» የሚል ወገን ቢኖር ማስረዳት ያለበት ራሱ ነው። ከጊዜ በኋላ የጡት ካንሰርም በመጨመሩ ሴቶች የእሳት አደጋ ሠራተኞች ተጠቃሚ ሆነዋል።

ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ሕግ እንኳ የአገልግሎት ዘመንን ይጠይቃል። ስለዚህ የቅጥር ደብዳቤውና የሕክምና ወረቀቱ ከጋብቻ ወረቀት ጋር በአንድ ሣጥን ይቀመጡ። አበል ጤናን አይመልስምና፣ እናቶች፣ ጢስ የጠገበው የሥራ ልብስ ወደ ቤት አይግባ፤ ከልጆች ልብስም ጋር አይታጠብ።