ሽማግሌን በወረርሽኝ ጊዜ ስለ መጥራት

በአማርኛም ሆነ በትግርኛ «ሽማግሌ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጕም አለው። አንደኛው ዕድሜው የገፋና ጠጕሩ የሸበተ ሰው ማለት ነው፤ ሁለተኛው የተጣሉትን የሚያስታርቅና በሰዎች መካከል የሚዳኝ ሰው ማለት ነው። ትግርኛ ተናጋሪው በመጨረሻው ፊደል ብቻ ለይቶ «ሽማግለ» ይለዋል እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው። ስለዚህ በእኛ ዘንድ ሰው ባረጀ ጊዜ ደብዳቤ ሳይጻፍለት የተሾመ፣ ደመወዝ ሳይቈረጥለት ሥራ የተሰጠው ይሆናል። ይህ የሚያስመሰግን ልማድ ነው። ነገር ግን ሰውን ለሽምግልና የሚያስጠራው ዕድሜ በወረርሽኝ ጊዜ ለሞት የሚያቀርበውም እርሱ ራሱ ሲሆን ምን ማድረግ ይገባል? ዛሬ ስለዚሁ ነገር ከውድ አንባብያን ጋር ጥቂት ለመነጋገር አሰብሁ።

በካርቱም በጥቁር ዓባይ ዳር የሚገኘው ጀሪፍ የሸክላ ጡብ የሚቃጠልበት፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የመጡ ብዙ ሰዎችም ተጠጋግተው የኖሩበት ሰፈር ነው። የዓለም የጤና ድርጅት መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮናን በሽታ የዓለም ወረርሽኝ ነው ብሎ ካስታወቀ በኋላ፣ በሁለተኛው ቀን ሱዳን የመጀመሪያውን ሕመምተኛ ማግኘቷን ገለጸች። ከሚያዝያ 10 ቀን ጀምሮ የካርቱም ሕዝብ ለግድ ጉዳይ ካልሆነ በቀር ከቤቱ እንዳይወጣ ታዘዘ፤ ካርቱምን ከባሕሪና ከኦምዱርማን ጋር የሚያገናኙት ድልድዮችም ተዘጉ። ሻይ በመሸጥ፣ በሰው ቤት በማገልገልና በቀን ሥራ የሚተዳደረው ሁሉ ገቢው በአንድ ጊዜ ተቋረጠበት።

ገቢው ቢቋረጥም የቤት ኪራይ አልቆመም። በአንድ ግቢ ተዳብለው የሚኖሩ ሰዎች ቀደም ሲል በማታ ብቻ ይገናኙ የነበሩት፣ አሁን ከጧት እስከ ማታ ፊት ለፊት ተፋጠጡ። በኪራይ፣ በብድር፣ በውኃና በልጆች ጩኸት ምክንያት ጠብ በዛ። የመኖሪያ ወረቀቱ ያልተሟላ ሰው ደግሞ ቢበደልም ወደ ፖሊስ ጣቢያ ለመሄድ ይፈራል። እንዲህ ላለው ሰው ፖሊሱም፣ ዳኛውም፣ ይግባኝ ሰሚውም ሽማግሌው ነው።

እንግዲህ በዚያን ጊዜ ሽማግሌ እንዴት ይጠራ እንደነበር እናስብ። ሁለት ጐልማሶች መጥተው በር ያንኳኳሉ። «አባታችን፣ እርስዎ ካልመጡ ነገሩ አይበርድም» ይላሉ። ሽማግሌው ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ስኳር ወይም አስም ይኖርባቸው ይሆናል። ባለቤታቸው ከጓዳ ቆመው ይሰማሉ፤ የባላቸውን ሕመም ከማንም የበለጠ የሚያውቁት እርሳቸው ናቸው። ነገር ግን በእንግዳ ፊት «አይሄዱም» ቢሉ ባላቸውን ያዋረዱ ስለሚመስላቸው ዝም ይላሉ። ልጆችም እንዲሁ። ሽማግሌውም «አልችልም» ቢሉ አንዱ ፈሩ፣ ሌላው ጨከኑ፣ ሦስተኛው ደግሞ ለባላጋራዬ አደሉ እንዳይላቸው ይሠጋሉ። ስለዚህ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ምርኵዛቸውን ይዘው ይነሣሉ። የሚሄዱትም መስኮቱ ጠባብ ወደ ሆነ ክፍል ነው፤ በዚያ ውስጥ ሰው ተጨናንቆ ይቀመጣል፤ ቡና ይፈላል፤ የተቈጣውም ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ አጠገባቸው ይናገራል። ይህ በሽታ በትንፋሽ እንደሚተላለፍና በዕድሜ የገፉትን አብልጦ እንደሚጐዳ ደግሞ ሁሉም ሰምቷል።

በሌላ አገር ይህን የመሰለ ጥሪ በሕግ የተወሰነ ነው። በእንግሊዝ አገር ጁሪ የሚባሉ፣ ከሕዝቡ መካከል በዕጣ የሚመረጡ 12 ሰዎች ተቀምጠው ተከሳሹ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን ይወስናሉ። እስከ 75 ዓመት ዕድሜ ያለው ሰው ሊጠራ ይችላል፤ ያለ በቂ ምክንያት የቀረም መቀጮ ይከፍላል። ሆኖም የተጠራው ሰው ምክንያቱን ጽፎ ቀኑ እንዲተላለፍለት ወይም ፈጽሞ እንዲቀርለት ይለምናል። በስኮትላንድ ደግሞ 71 ዓመት የሞላው ሰው ከጁሪ ልቅር ቢል መብቱ ነው። ወረርሽኙ በመጣ ጊዜ እንግሊዞች ከመጋቢት 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ የጁሪ ችሎት እንዳይጀመር አቆሙ፤ በግንቦት 10 ቀንም ሰዎቹን አራርቀው በማስቀመጥ በጥቂት ፍርድ ቤቶች እንደገና ጀመሩ። በስኮትላንድ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ 15ቱን የጁሪ ሰዎች በሲኒማ ቤት አራርቀው አስቀምጠው፣ ችሎቱን በሲኒማው መጋረጃ ላይ እንዲከታተሉ አደረጉ። የእነርሱን ሥርዓት እንዳለ እንቅዳ ማለቴ አይደለም። በዚያ አገር የተጠራው ሰው ያለ ኀፍረት የሚወጣበት በር መኖሩን ለማመልከት ብቻ ነው።

ይህ በር በእኛም ሕግ ውስጥ ነበረ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 3318፣ አስታራቂ እንዲሆን የተመረጠ ሰው ምርጫውን ለመቀበልም ሆነ ላለመቀበል ነፃ መሆኑን ይናገር ነበር። በ2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ ሕግ በሥራ ላይ በነበረበት ወራትም አምስት ሰዎች በአንድ ስፍራ መሰብሰባቸው የተከለከለ ነበር። ሦስት ሽማግሎችና ሁለት ባለ ጉዳዮች ሲደመሩ አምስት ስለሚሆኑ፣ በሙሉ ሥርዓቱ የሚካሄድ ሽምግልና ከክልከላው ውስጥ ይገባ ነበር ማለት ነው። እንግዲህ የጐደለው ሕግ ሳይሆን ልማዱ ነበር። ሕጉ እንቢ ለማለት ነፃ ነህ ይለው ነበር፤ ጐረቤቱ ግን ነፃ አያደርገውም ነበር።

ስለዚህ የማመልከተው ሐሳብ ይህ ነው። ምክንያት ማቅረብ የሽማግሌው ሸክም መሆኑ ይቅርና የጠሪው ይሁን። ሽማግሌውን ለመጥራት የሚሄድ ሰው ከበሩ ቆሞ «እርስዎ ካልመጡ» ከማለት ይልቅ፣ «አባታችን፣ ጊዜው ክፉ ስለሆነ ከቤትዎ ልናስወጣዎ አልመጣንም፤ ነገሩን ሰምተው ምክርዎን ብቻ ይስጡን» ቢል፣ ክብራቸውንም ሕይወታቸውንም ጠበቀ ማለት ነው። እንዲህ ከተባሉ በኋላ እሄዳለሁ ቢሉ በፈቃዳቸው ነው፤ ቢቀሩም የሚያማቸው የለም።

ከዚህ ቀጥሎ ነገሩ የሚቈይና የማይቈይ መሆኑን መለየት ያስፈልጋል። የቆየ ብድርና የዕቃ ክርክር ወር ቢዘገይ የሚሞት ሰው የለም። ሚስት ስትደበደብ፣ ሕፃን ሲራብ ወይም ቤተ ሰብ ከነዕቃው ወደ ውጭ ሲጣል ግን ነገ ማለት አይገባም። በእንዲህ ያለው ጊዜ የሚሰየሙት ሰዎች ጥቂት ይሁኑ፤ ስብሰባው በጠባብ ክፍል መሆኑ ቀርቶ በግቢው ዛፍ ሥር ይሁን፤ አፍና አፍንጫ ይሸፈን፤ ቡናውም ለሌላ ቀን ይቈይ። ጐልማሳ ወንዶችና ሴቶች ከስፍራው ተቀምጠው፣ አዛውንቱ ከቤታቸው ሆነው በስልክ ይምሯቸው። ስለ ሴቶች የተናገርሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሻይ ሻጮቹና የቤት ሠራተኞቹ ሴቶች ሆነው ሳለ፣ ስለ እነርሱ ጉዳይ ወንዶች ብቻ መሰየማቸው ቀድሞም ቢሆን ትክክል አልነበረም።

ምናልባት አንድ አንባቢ «ሽማግሌን አለመጥራት ራሱ መግደል አይደለምን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። እውነት ነው። በስደት አገር ልጆቹ የተበተኑበት፣ ሥራውም የቀረበት አዛውንት፣ ሰው መሆኑን የሚያስታውሰው ሲጠሩትና ሲሰሙት ነው። ቤቱ ተዘግቶበት ማንም ሳይጠይቀው ቢከርም ሌላ ዐይነት ሕመም ያገኘዋል። ስለዚህ አንጥራቸው አላልሁም። እግራቸው ከቤት እንዳይወጣ እናድርግ፤ ቃላቸው ግን ወደ እኛ ይምጣ።

አዛውንቶቻችንም በበኩላቸው «ጤናዬ አልፈቀደልኝም፤ እነ እገሌን ሰይሙ፤ እኔ በስልክ እሰማለሁ» ማለትን እንደ ፍርሃት አይቍጠሩት። በቦታው ሌላውን አሠልጥኖ ማስቀመጥ የሽምግልና ታላቁ ክፍል ነው። የቤት እመቤቶችም ከጓዳ ወጥተው «አባታችሁ ታመዋል» ለማለት አይፈሩ። ሰው ይህን ቃል ቢሰማ ይጸጸታል እንጂ አይቈጣም።

ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በካርቱም ጦርነት በተነሣ ጊዜ የጀሪፍ ሰው ብዙው ተበትኖ ወደ ገዳሪፍ፣ ወደ ፖርት ሱዳንና ወደ መተማ ተሰደደ። የዓለም የጤና ድርጅት የኮሮናን አስቸኳይ ሁኔታ አበቃ ያለውም በዚያው ወር በ27ኛው ቀን ነው። በ2017 ዓ.ም. ግን በካርቱም ኮሌራ ተነሣ። አንዱ ወረርሽኝ ሲያልፍ ሌላው እንደሚመጣ ከዚህ እናያለን። የተሰደደውም ሕዝብ በደረሰበት ስፍራ ሁሉ በድንኳንና በውኃ ወረፋ መጣላቱ፣ ሲጣላም የሸበተውን ሰው ፈልጎ መጥራቱ አይቀርም። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ የሽማግሌን በር ከማንኳኳትህ በፊት ከደጅ ጥቂት ቆመህ፣ ይህ ነገር ያለ እርሳቸው መምጣት ሊፈጸም ይችል እንደሆነ አስቀድመህ አስብ።